አዋሽ ወንዝ ዳር ያደርንባቸው ሁለት ሌሊቶች

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በገንዘብ ያዧ የቀረበ ንግግር)



ሊቀመንበራችን የሂሳብ ሪፖርቱን እንዳቀርብ ስትጠራኝ «ስለ አዋሹ ጉዞም ጨምሪበት፤ ያልሄዱት ይስሙ» ብላኛለች። እኔ ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ወሬ ማሳመር አልችልበትም። ስለዚህ ከቁጥሩ ልጀምር።

22 አባላት በሳምንት 60 ብር ለ40 ሳምንት አዋጥተን 52,800 ብር ሆነ። ለመኪና ኪራይና ነዳጅ 33,000፣ ለምግብና ለመጠጥ ውሃ 9,400፣ ለመግቢያ፣ ለድንኳን ኪራይ፣ ለማደሪያ ቦታና ለስካውት 7,150 ወጣ። 3,250 ብር ተርፏል። ወደ እሷ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ፤ ጭቅጭቁ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ሐሳቡ ሲነሳ ከተቃወሙት አንዷ እኔ ነበርኩ። ማኅበሩ የተቋቋመው ለቁጠባና ለብድር ነው፤ ድንኳን ውስጥ ለመተኛት ገንዘብ ማውጣት ምን ይባላል ብዬ ተከራክሬያለሁ። ያን ዕለት እንጀራ ጋግራ የምትሸጠው እህታችን ተነስታ የተናገረችውን ታስታውሳላችሁ። «ከቤቴ ውጭ ያደርኩት ለቅሶ ቤትና ሆስፒታል ብቻ ነው» አለች። ሌላዋ ቀጠለችና፣ ለቁልቢ ገብርኤል ታኅሣሥ 19 ሜዳ ላይ ስናድር፣ ድሬ ሼህ ሁሴን ሄደን መሬት ላይ ስንተኛ «ሴት ልጅ እንዴት ውጭ ታድራለች» የሚለን የለም፤ ያለ ስለት ሲሆን ነው ወሬው የሚመጣው አለች። መልስ አጣሁ። እኔም ራሴ አስቤ ሳየው ያለ ምክንያት ውጭ አድሬ አላውቅም።

የታሰበው ለጥር 2017 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ሰሞን ፈንታሌ አካባቢ መሬት በተደጋጋሚ ሲንቀጠቀጥ፣ ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ሲነሳ ሁላችንም ሰምተናል፤ እዚህ ቤታችን ውስጥ ሆነን የተሰማን ጊዜም አለ። ጉዞው ተላለፈ። ገንዘቡ ባንክ ቆየ፤ ወለዱን ወደ ማኅበሩ መጠባበቂያ አዛውሬዋለሁ፣ ደብተሩ ላይ ታዩታላችሁ። የሄድነው ኅዳር 2018 ዓ.ም. ነው፤ 19 ሆነን።

ከከዚራ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሳን። በደንገጎ ወጥተን፣ ቁልቢን፣ ሂርናን፣ አሰበ ተፈሪን አልፈን ወደ ሚኤሶ ወረድን። አዲስ አበባ ስንመላለስ ፓርኩን ስንት ጊዜ አቋርጠነዋል! መንገዱ መሃል ለመሃል ነው የሚሰነጥቀው። እኔ ግን በአውቶቡስ መስኮት ከማየት በቀር ወርጄ አላውቅም ነበር። የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1958 ዓ.ም. ተመሥርቶ በ1961 ዓ.ም. በሕግ የታወቀ፣ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ቦታ ነው። ከአስፋልቱ በስተሰሜን የፈንታሌ ተራራና ፍልውኃው፣ በስተደቡብ የኢላላ ሳላ ሜዳና ፏፏቴው አሉ። ፍልውኃው ጋ አልደረስንም፤ መንገዱ ለእኛ ዓይነት መኪና አይሆንም።

ሜዳው ስሙን ያገኘበትን ሳላ በመንጋ አየን፤ ቀንዱ እንደ ጦር ቀጥ ያለ፣ ፊቱ ላይ ጥቁር የተቀባ የሚመስል። በመንገድ ላይ ጄሪካን የተሸከሙ ሴቶችም አጋጥመውናል። ፓርክ ከመባሉ በፊት መሬቱ የከረዩ አርብቶ አደሮች ግጦሽ ነበር፤ ዛሬም በድርቅ ጊዜ ከብቶቻቸው ይገባሉ፣ ክርክሩም አላለቀም። እኛ ከፍለን ገብተን ስናልፍ እነሱ ውሃ ተሸክመው ቆመው አዩን። ከመኪናችን ውስጥ ማንም አልተናገረም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

የማደሪያውን ቦታ የመረጥኩት እኔ ነኝ። ወንዙ ዳር፣ ትልልቅ ዛፎች ስር፣ ጥላ አለው፤ ወጪውም ዝቅ ያለ ነው። በወረቀት ላይ እንከን አልነበረውም። ግን ከመካከላችን ደቻቱ ዳር ትኖር የነበረች ታላቅ እህት እንዳለች ረሳሁ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ሌሊት ላይ ጎርፉ ሲመጣ ከቤታቸው የተረፈው ለብሰው የወጡት ብቻ ነው። እሳቸው ነገሩን አያወሩም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ከመሸ በኋላ ሁሉም ድንኳኑ ገባ። ቡናው ተፈልቶ፣ ተስቆ፣ ከሩቅ ጅብ ጮኾ «ኧረ አቦ፣ እንዝጋው!» ተብሎ ዝም ሆነ። እኔ ለሽንት ስነሳ እሳቸው ከድንኳኑ ውጭ ኩርሲ ላይ ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ጫማቸውን አጥልቀው፣ ቦርሳቸውን አንግበው። «ምነው እናቴ፣ አልተኙም?» አልኳቸው። «ውሃው ይጮኻል» አሉኝ።

ሌላ አላሉም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ስካውቱ መጣ። ኅዳር ላይ ወንዙ እንደሚጎድል፣ አዋሽ የሚሞላው በክረምት እንደሆነ፣ ከላይ የቆቃ ግድብ እንዳለ በትዕግሥት አስረዳቸው። ሰሙት፤ አመሰገኑት፤ አልተነሱም። እውነት ለመናገር እኔም ብሆን በማስረጃ አልተኛም። መጨረሻ ላይ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አድርጎ ፍራሻቸውን ተሸከመና ከፍ ያለው ቦታ ላይ የቆመው መኪና ውስጥ አነጠፍንላቸው። እኔም አብሬያቸው ገባሁ። እዚያም ሳንተኛ ነጋ፤ ግን አወሩ። ያወሩትን እዚህ አላነሳውም።

ሲነጋ በእግር ወደ ፏፏቴው ሄድን። እኔ መኪና ውስጥ ይቀራሉ ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን ከፊት ሆነው መጡ። ቡናማው ውሃ ተወርውሮ ገደሉ ውስጥ ይገባል። ጠርዙ አጠገብ አልደረሱም፤ ከዛፍ ስር ሆነው ረጅም ጊዜ አዩትና «ይሄስ ገደሉ ውስጥ ነው፤ የኛው ደጃፋችን ላይ ነበር» አሉ። ሁለተኛውንም ሌሊት መኪና ውስጥ አደሩ። ተኝተዋል፤ እኔ ራሴ ማንኮራፋታቸውን ሰምቻለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ለሚቀጥሉት ተጓዦች ጥቂት ነገር ልበል። ወንዙ ውስጥ አዞ አለ፤ ሳህን ለማጠብ እንኳ አይወረድም። ዝንጀሮዎቹ ደፋሮች ናቸው፤ አንድ ሙሉ ድስት አንባሻ ወስደውብናል። የወባ አገር ስለሆነ ድንኳኑ መረቡ ያልተቀደደ መሆኑን ሳትከፍሉ በፊት ዘርጉና እዩ። በሰንደል ጫማ አይኬድም፤ እሾሁ ያልፋል። የእግር ጉዞ ሲነጋ ብቻ ነው፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ከድሬዳዋም ይብሳል። ሽንት ቤት ሌሊት ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። የወር አበባ ላይ ላለች የታሸገ ውሃና ፌስታል ለብቻ ያዙላት፤ እኛ ይህን አላሰብንበትም ነበር።

አሁን ወደ 3,250 ብሩ። ሦስት እህቶች ከፍለው ቀርተዋል። አንዷ ልጇ ታሞባት፣ ሁለቱ በዋዜማው ከቤት «አትሄጂም» ተብለው ነው። «የቀረች አባል ገንዘቧ አይመለስም» የሚለውን ደንብ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስጽፈው የታሰበኝ ሰነፍ እንዳትቀር ነበር፤ የተከለከለች ሴት አልታሰበችኝም። መኪናው ተከፍሎበታል፣ ሁሉንም መመለስ አይቻልም። የቀረው ግን ለሦስቱ ይከፈል ብዬ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ለእያንዳንዳቸው 1,083 ብር ከ33 ሳንቲም ይደርሳል። ደንቡም ይሻሻል። ከአሁን በኋላም ማደሪያ ከመመረጡ በፊት እያንዳንዷ አባል ለብቻዋ ትጠየቅ።

አንድ ሳንቲም ትተርፋለች፤ በመዝገብ ይዣታለሁ። የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ።