የነከሰ ሞተርና የትዕግሥት ሥራ

ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር



ሞተር የሚሞተው በመሥራት ብቻ አይደለም፤ በመቆምም ይሞታል። በሥራ ላይ ያለ ማሽን የሚያልቀው ቀስ በቀስና ሁሉም እያየው ነው። የቆመው ግን በሸራ ተሸፍኖ፣ በግቢ ጥግ ተረስቶ፣ ባለቤቱ ደኅና ነው ብሎ ባመነበት ጊዜ ውስጥ ይበላሻል። የዛሬው ንግግር ጥያቄ ይኸው ነው፤ ለብዙ ዓመት ቆሞ የነከሰ የሞተር ብስክሌት ሞተር እንዴት ወደ ሥራ ሊመለስ ይችላል?

ነገሩ ከአዲስ አበባ ኑሮ የራቀ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የከተማው አስተዳደር፣ በሞተር ብስክሌት ቅሚያና ሌላ ወንጀል ይፈጸማል በሚል ምክንያት፣ ፈቃድ የሌላቸው ሞተር ብስክሌቶች በከተማው እንዳይንቀሳቀሱ ገደብ ጣለ። ዕለት ከዕለት እንጀራ ሲያበላ የኖረ መሣሪያ ፈቃድ እስኪገኝ ወይም ገዢ እስኪመጣ በቆርቆሮ ጣራ ሥር ሊቆም ግድ ሆነ። ቆይቶ ባለቤቱ ሊያስነሣው ሲሞክር የእግር ማስነሻው አልንቀሳቀስ ይለዋል። በዚያች ሰዓት የሚወሰነው ውሳኔ ሞተሩን ያድነዋል ወይም ይገድለዋል።

በመጀመሪያ በሽታውን ማወቅ ያሻል። የየካ ክፍለ ከተማ መሬት ከመገናኛና ከኮተቤ ወደ ሰሜን ሲሄድ እየከፋ እንጦጦ ላይ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ያልፋል። ክረምቱ እርጥብ ነው፤ በበጋው ደግሞ ሌሊቱ ቀዝቃዛ፣ ቀኑ ፀሐያማ ነው። ብረቱ ሌሊት ቀዝቅዞ ሲያድር፣ በማለዳ የሚመጣው ሞቅ ያለ እርጥብ አየር ሲነካው ጤዛ ይቋጥራል። ሞተሩ ሲቆም አንደኛው ቫልቭ ክፍት ሆኖ ከቀረ፣ ይህ አየር እስከ ፒስቶኑ ራስ ድረስ ይገባል። ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል፤ በፋሻውና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ክፍተት ግን እጅግ ጠባብ ነው። እነሆ፣ ቀጭን የዝገት ሽፋን ፋሻውን ከግድግዳው ጋር ያጣብቀዋል።

ሆኖም የማይዞር ሞተር ሁሉ ነክሷል ማለት አይደለም። ካምቢዮው ውስጥ የተሰበረ ጥርስ ወይም የተጣበቀ የእግር ማስነሻ ተመሳሳይ ምልክት ያሳያል። ስለዚህ ማርሹን ነጻ አድርጎ፣ ካንዴላውን ፈትቶ፣ የጎን ክዳኑን ከፍቶ ዋናውን ዘንግ በቁልፍ መፈተሽ ይቀድማል። ባለቤቱንም መጠየቅ ተገቢ ነው፤ እየሄደ ሳለ በሙቀት ነክሶ የቆመ ሞተርና ደኅና ቆሞ የዛገ ሞተር ሕክምናቸው ይለያያል። የፊተኛው ፒስቶን ግድግዳው ላይ ቀልጦ የተለሰነ ሊሆን ስለሚችል መከፈቱ አይቀርም።

ቀጥሎ የሚመጣው ፈተና ቁልቁለት ነው። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ባለው ዳገት የሚኖር ሰው ሞተር ብስክሌቱን ገፍቶ፣ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሪሲዮኑን ድንገት ቢለቅ ይነሣልኝ ይሆናል ብሎ ማሰቡ አያስደንቅም። ባትሪው ለደከመ ሞተር ይህ ዘዴ ይሠራል። ለነከሰ ሞተር ግን ጥፋት ነው፤ የሰውና የብስክሌት ክብደት በአንድ ቅጽበት በቀጭን ቢየላ ላይ ያርፋል። ቢየላው ይጣመማል፣ ፋሻው ይሰበራል፣ የተሰበረውም ፋሻ ሲሊንደሩን ይቧጭራል። በትንሽ ወጪ ይድን የነበረው ሞተር በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ መለዋወጫ ፈላጊ ይሆናል።

ትክክለኛው መንገድ ዘይትና ጊዜ ነው። በካንዴላው ቀዳዳ ቀጭን ዘይትና ነጭ ጋዝ ተደባልቆ ይፈስሳል፤ ለቀናት፣ ካስፈለገም ለሳምንታት እየተጨመረ ይተዋል። ከዚያ በዋናው ዘንግ ላይ ቁልፍ አግብቶ በመጠነኛ ኃይል ወደ ፊትና ወደ ኋላ መወዝወዝ ነው። የፀጉር ያህል እንኳ ከተንቀሳቀሰ ማቆምና ዘይት መጨመር እንጂ ኃይል መጨመር አይገባም።

ስለ ሙቀት አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ብዙ ሰው ብረት ሲሞቅ ይላላል ብሎ ያምናል። ፒስቶኑ ግን አሉሚኒየም ነው፤ አሉሚኒየም በሙቀት የሚሰፋው ከጊዛ በእጥፍ ያህል ነው። ውፍረቱ 50 ሚሊሜትር የሆነ ፒስቶን ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሲጨምር 0.115 ሚሊሜትር ገደማ ይሰፋል፤ የጊዛው ሲሊንደር ግን 0.055 ብቻ። ስለዚህ ሁሉም አንድ ላይ ከሞቀ ማነቆው ይጠብቃል። መሞቅ ያለበት የሲሊንደሩ ውጪ ብቻ ነው፤ ያውም በፍጥነት፣ ፒስቶኑ ሳይሞቅ። ይህም ሲደረግ ሳልባትዮው ወርዶ፣ ነጭ ጋዙ ተጠርጎ፣ ቤንዚን ከአካባቢው ርቆ መሆን አለበት።

ሞተሩ ዞረ ማለት ዳነ ማለት አይደለም። ቴስታታውን አንሥቶ ግድግዳውን ማየት፣ ኩሽኔታዎቹን መፈተሽ፣ አሮጌውን ዘይት ማፍሰስ፣ በካርቡራቶሩ ውስጥ የደረቀውን የቤንዚን ሙጫ ማጠብ ይከተላል። ዘይቱ ከቤንዚን ጋር ተደባልቆ በሚቃጠልበት ሞተር ደግሞ የዋናው ዘንግ ኩሽኔታ ለእርጥበት ይበልጥ የተጋለጠ ስለሆነ፣ ሳይታይ ማስነሣት ድፍረት ነው።

በመጨረሻ የግፊት መለኪያ ሲገባ ከፍታውን ማስታወስ ግዴታ ነው። አዲስ አበባ በ2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በባሕር ጠለል 11 ኪሎ በካሬ ሴንቲሜትር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር እዚህ ወደ 8.4 ቢያሳይ ደንቡ ነው፤ እንጦጦ ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የፋብሪካውን መጽሐፍ ብቻ ያነበበ ሰው ደኅናውን ሞተር አርጅቷል ብሎ ሊያስጥለው ይችላል።

መከላከሉ ከማከሙ ይቀላል። ሞተር ብስክሌት ከመቆሙ በፊት ዘይቱን መለወጥ፣ ካርቡራቶሩን ማድረቅ፣ በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ጨምሮ በእጅ ማዞር፣ ይህንንም በየወሩ መድገም ይበቃል። ለአምስት ደቂቃ አስነሥቶ ማጥፋት ግን አይጠቅምም፤ ከቃጠሎው የሚወጣው ውሃ ሳይተን እዚያው ይቀራልና።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበው የዕውቀቱ መለያየት ነው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቢየላ የሚሉት ከጣልያንኛ የተወረሱ ቃላት የጋራዡ ሰው ቋንቋ ሲሆኑ፣ የመስፋፋት ስሌትና የከፍታ ግፊት የመሐንዲሱ ቋንቋ ሆነው ቀርተዋል። የጋራዡ ሰው ዋጋ የሚከፈለው ሞተሩ ሲነሣ እንጂ ሲታገሥ ስላይደለ ይቸኩላል፤ መሐንዲሱም ጋራዡ ደጃፍ ስለማይደርስ ስሌቱ ከወረቀት አይወርድም። ማኅበሩ እነዚህን ሁለት ቋንቋዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢያገናኝ፣ በየግቢው ቆርቆሮ ሥር የሚጠብቀው ሞተር የብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ሆኖ የመመለስ ዕድል ይኖረዋል።