እስከ ደጃፉ ካደረስናት በኋላ

(በጣርማ በር ወረዳ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት በተዘጋጀ የምክክር ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ንግግራችንን በአንዲት እናት ጥያቄ እንጀምራለን። ባለፉት ዓመታት በየአጥቢያው እየዞርን «እናቶች በጤና ተቋም ይውለዱ» ብለን ማስተማራችንን ታውቃላችሁ። በአንድ ቦታ ከቅዳሴ በኋላ ይህንኑ ስንናገር አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ብድግ አሉና «ልጆቼ፣ ሂዱ አላችሁን፤ የልጄን ሚስት በቃሬዛ ተሸክመን ሄድን። ስንደርስ ሌሊት ነው፤ ያገኘነው ዘበኛውን ብቻ ነው። እዚያው በረንዳው ላይ ወለደች። ማርያም ማረቻት እንጂ ደጃፉ ምን አደረገላት?» አሉን።

በዚያን ሰዓት የምንመልሰው አልነበረንም። ዓላማችን መክሰስ አይደለምና የተቋሙን ስም አንጠራም። ቆይተን ስንጠይቅ፣ በዚያ ያለችው አዋላጅ ነርስ አንዲት ብቻ መሆኗን፣ ለብዙ ሌሊት ያለ ተተኪ ሠርታ በዚያን ዕለት ወደ ልጆቿ መሄዷን ተረዳን። እንግዲህ እናቲቱም እውነት አላቸው፤ አዋላጇም አልበደለችም። የጎደለው ነገር ግን ሕይወት ሊያስከፍል ይችል ነበር። ሂዱ ብለን የላክን እኛ ነንና ጥያቄው በእኛም ላይ ያርፋል።

የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ አባቶቻችን በትርጓሜ ከእኛ ይልቅ ታራቅቁታላችሁ። እኛ ለዛሬው ጉዳያችን የሥራውን ቅደም ተከተል ብቻ እንመልከት። ሳምራዊው መጀመሪያ፣ የተደበደበውን ሰው አይቶ አላልፍም አለ። ሁለተኛ፣ በራሱ እንስሳ ላይ ጭኖ ወሰደው። ሦስተኛ፣ ከእንግዶች ማረፊያ አግብቶ ለቤቱ ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጠ፤ ተመልሶም እንደሚመጣና የጎደለውን እንደሚከፍል ቃል ገባ። ከደጃፉ አድርሶ ሥራዬ አለቀ አላለም።

የዘመናችን ተመራማሪዎችም ወደዚሁ የቀረበ ነገር ይናገራሉ። ሴሪን ታዴየስና ዲቦራ ሜይን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጥናት፣ እናቶች በወሊድ የሚሞቱት በሦስት መዘግየቶች ምክንያት መሆኑን ገልጸዋል። የመጀመሪያው በቤት ውስጥ፣ ለመሄድ በመወሰን ላይ የሚደርስ መዘግየት ነው። ሁለተኛው በመንገድ ላይ ነው። ሦስተኛው ከጤና ተቋሙ ከደረሱ በኋላ ተገቢውን ሕክምና ለማግኘት የሚወስደው ጊዜ ነው። በሦስቱ ላይ የእኛ ድርሻ ምን እንደ ሆነ በየተራ እንመልከት።

በመጀመሪያው መዘግየት ላይ አገራችን ብዙ ተራምዳለች። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በ1992 ዓ.ም. ከ100 ወሊዶች 5ቱ ብቻ በጤና ተቋም ይፈጸሙ ነበር። በ2003 ዓ.ም. 10፣ በ2008 ዓ.ም. 26፣ በ2011 ዓ.ም. 48 ደረሱ። በ2003 ዓ.ም. በቤታቸው የወለዱ እናቶች ምክንያታቸውን ሲጠየቁ ከ10 6ቱ ያህል «አስፈላጊ አይደለም» ብለው ነበር፤ ስለዚህ የተለወጠው መንገዱ ብቻ አይደለም፣ ልብም ነው። በዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ድካም ትልቅ ነው፤ የካህናትም ቃል አለበት። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒትና ጠበል ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውን፣ አንዱን ለመያዝ ሌላውን መተው እንደማያስፈልግ በይፋ ባስተማሩ ጊዜ ብዙ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ጠበሉን ተጠምቀዋል። በዞናችን ወደ ጻድቃኔ ማርያም የሚጎርፈውን ሕዝብ የምታውቁ አባቶች የዚህን ትምህርት ዋጋ ታውቃላችሁ።

የሁለተኛው መዘግየት ነገር ለጣርማ በር ሰው አይነገረውም። የአዲስ አበባ ደሴ አስፋልት፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን በፈለፈለው ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። ይሁን እንጂ በአስፋልቱ ዳር ያልሆነች እናት፣ መጀመሪያ በሰው ትከሻ እስከ መኪና መንገድ መድረስ አለባት፤ በክረምት ደግሞ ጉሙ ዐይን ያሳጣል። በደብረ ሲና የማይቻል ነገር ሲገጥም ዳገቱን ተመልሶ ወደ ደብረ ብርሃን መሄድ ነው። ከወለደች በኋላ ብዙ ደም የሚፈሳት እናት በሁለት ሰዓት ውስጥ ልትሞት እንደምትችል ሐኪሞች ያስተምራሉ። ሁለት ሰዓት በዚህ አገር መልክዐ ምድር ምን ያህል አጭር እንደ ሆነ እናንተ ትመሰክራላችሁ። ስለዚህ ነው መውለጃዋ ሲቃረብ ቀድማ መጥታ የምትቆይበት የእናቶች ማቆያ የሚያስፈልገው። ይህ አሠራር ለአገራችን አዲስ አይደለም፤ በጉራጌ የአጣጥ ሆስፒታል ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እናቶችን በማቆያ ሲያስተናግድ ኖሯል።

ሦስተኛው መዘግየት የዛሬው ዋና ጉዳያችን ነው። ቀደም ብለን እንደ ጠቀስነው ከ2008 እስከ 2011 ዓ.ም. በጤና ተቋም የሚፈጸመው ወሊድ በእጥፍ ሊጨምር ምንም ያህል አልቀረውም። በዚያው ጊዜ፣ በተወለዱ በመጀመሪያው ወር ውስጥ የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር ግን አልቀነሰም፤ በ2008 ዓ.ም. ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 29 የነበረው፣ በ2011 ዓ.ም. ጥናት 33 ሆኖ ተገኝቷል። በዚሁ በ2011 ዓ.ም. በወለዱ በሁለት ቀን ውስጥ በባለሙያ የታዩት እናቶች ከ100 34 ብቻ ናቸው። ከ100 48 ወሊዶች በጤና ተቋም ተፈጽመው፣ የታዩት 34 ከሆኑ፣ ብዙ እናቶች ከተቋሙ ውስጥ ወልደው ማንም ሳያያቸው ወጥተዋል ማለት ነው።

ይህ የኢትዮጵያ ችግር ብቻ አይደለም። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ሥር ስለ ጤና አገልግሎት ጥራት የተቋቋመ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳስታወቀው፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች በሕክምና ሊድኑ ይችሉ የነበሩ 8.6 ሚሊዮን ሰዎች በየዓመቱ ይሞታሉ። ከእነዚህ ውስጥ 3.6 ሚሊዮኑ ሕክምና ሳያገኙ የቀሩ ናቸው። 5 ሚሊዮኑ ግን ወደ ሕክምና ደርሰው፣ ያገኙት አገልግሎት ጥራት የጎደለው ስለሆነ የሞቱ ናቸው። በደጃፍ የሚሞተው በመንገድ ከሚቀረው በዝቷል።

ጥራት ሲባል ሩቅ ነገር አይምሰለን። ደም እንዳይፈስ ለእናቲቱ የሚወጋው ኦክሲቶሲን የሚባለው መድኃኒት ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ካልሠራ መድኃኒቱ በመደርደሪያ እያለ ኃይሉን ያጣል። ውኃ ከሌለ አዋላጇ እጇን አትታጠብም። ጥራት አክብሮትም ነው፤ የጤና ሚኒስቴር ባለሙያው ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ እንዲሆን ከዐቢይ ዕቅዶቹ አንዱ ያደረገው ስለዚህ ነው። በምጥ ላይ ሳለች የተሰደበች እናት ዳግመኛ አትመጣም፤ ጎረቤቷም አትመጣም።

ከሁሉ በላይ ግን ጥራት ሰው ነው። ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቂሳርያ ለድውያን ቤት ሲሠራ ሐኪሞችንና አስታማሚዎችንም አኑሮበታል። በአገራችንም በ1940ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን በአንድነት አሠልጥኖ ወደ ገጠር ያሰማራው፣ ሕንፃ ያለ ሰው ከንቱ ስለሆነ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በየቀበሌው ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ተመድበዋል፤ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያም እስከ 25,000 ለሚደርስ ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቧል። የዓለም ጤና ድርጅት ለ1,000 ሰው 4.45 ሐኪሞች፣ ነርሶችና አዋላጆች ያስፈልጋሉ ይላል፤ አገራችን ከዚህ እጅግ ሩቅ ናት። ያሉትም ቢሆኑ ከገጠር ይለቃሉ። ምክንያታቸው በጥናት ተደጋግሞ ተገልጿል፤ የሥራ ብዛት፣ የመኖሪያ ቤት ችግር፣ ከቤተሰብ መለየት፣ ዝውውር ማጣት፣ የሚያመሰግን ሰው አለመኖር።

በዚህ ላይ ጦርነት ተጨምሯል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና በደረሰ ጊዜ በክልላችን ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። ያንን አይታ ተመልሳ የምትሠራ ነርስ ምስጋና ይገባታል።

እንግዲህ ሰበካ ጉባኤ ምን ያድርግ? ደመወዝ መጨመር፣ ባለሙያ መመደብ የመንግሥት ሥራ ነው፤ እኛ አንተካውም። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 አውጥቶ በ2021 ባሻሻለው መመሪያው፣ ባለሙያን በገጠር ከሚያቆዩት ነገሮች መካከል መልካም መኖሪያ፣ ደኅንነት፣ የሕዝብ ምስጋናና ከገጠር የተገኙ ልጆችን መርጦ ማሠልጠን ይገኙባቸዋል። ከእነዚህ ውስጥ በእጃችን ያለው ጥቂት አይደለም። አራት ነገሮችን በትሕትና እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ለባለሙያዋ ቤት እንፈልግላት። አዲስ አዋላጅ ነርስ ስትመደብ ሰበካ ጉባኤው ንጹሕና ደኅና የኪራይ ቤት ያፈላልግላት፤ ሌሊት ስትጠራ ብቻዋን በጨለማ እንዳትሄድ የሚሸኛት ሰው ይመደብ። በሰንበቴውና በማኅበሩ ትጠራ፤ በዐውደ ምሕረት በስሟ ትመስገን። እንግዳ ሆና መጥታ እንግዳ ሆና የምትኖር ባለሙያ መሄዷ አይቀርም።

ሁለተኛ፣ የእናቶች ማቆያውን እንደ ራሳችን ቤት እንየው። ማቆያ ባለበት ጤና ጣቢያ ለገንፎ እህል፣ ለምድጃ ማገዶ፣ ለብርድ ብርድ ልብስ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ አጥቢያ በዓመት አንድ ወር ቢወስድ ማቆያው ባዶውን አይውልም።

ሦስተኛ፣ ተመልሰን እንጠይቅ። አባቶቻችን ለአራስ ቤት ጠበል ልትረጩ ስትገቡ ሦስት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ስትደርሺ ባለሙያ አገኘሽ? በአክብሮት ተቀበሉሽ? ወደ ቤትሽ ከመመለስሽ በፊት አንቺም ሕፃኑም ታያችሁ? ይህ ከምስጢረ ንስሐ ውጭ፣ በግልጽ የሚጠየቅ መሆን አለበት፤ በኑዛዜ የተሰማ ለማንም አይነገርም። መልሶቹም ያለ ስም በቁጥር ብቻ ተሰብስበው በየሦስት ወሩ ለጤና ጣቢያው ኃላፊዎችና ለሥራ አመራር ቦርዱ ይቅረቡ። ኅብረተሰቡ ለጤና ጣቢያው ውጤት የሚሰጥበት አሠራር በመንግሥት የተፈቀደ ነውና የእኛ ድምፅ ቦታ አለው።

አራተኛ፣ ከየአጥቢያችን ልጆችን እናዘጋጅ። በሐኪሙ በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም የሚጠራው የጤና ሳይንስ ካምፓስ በደብረ ብርሃን አለልን። በሰንበት ትምህርት ቤታችን ያሉ ጎበዝ ልጃገረዶች ለትምህርት እስኪበቁ ደብተርና የቤት ኪራይ የሚያስፈልጋቸው አሉ። የአገሯን ዳገት የምታውቅ ልጅ ለአገሯ ትቆያለች።

አንድ ነገር እናስጠንቅቅ። የምንሰበስበው መልስ ዱላ እንዳይሆን። ባለሙያውን በአደባባይ የምናሳፍርበት ከሆነ፣ የቀረውም ይሄዳል። ሳምራዊው ለቤቱ ጠባቂ መጀመሪያ ሁለት ዲናር ሰጠ፤ እመለሳለሁ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። እኛም መጀመሪያ እናግዝ፣ ቀጥሎ እንጠይቅ። ያላገዘ ሰው ጥያቄው ክስ ይመስላል፤ ያገዘ ሰው ጥያቄው ምክር ይሆናል።

«ደጃፉ ምን አደረገላት?» ያሉንን እናት አልረሳንም። ዛሬ ቢጠይቁን «ሂዱ» ብለን ብቻ አንመልስም። «ሂዱ፤ እኛም ቀድመን ሄደን በሩን አንኳኩተናል፤ ለአዋላጇ ቤት ፈልገናል፤ ለምድጃው ማገዶ አኑረናል፤ ስትመለሱም መጥተን እንጠይቃችኋለን» ለማለት እንድንበቃ እግዚአብሔር ይርዳን። በየአጥቢያችን ለምትወልድ እናት ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የምንልበት ቀን ይብዛልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።