ለማን ብለን ነው የምንሠራው?



ብዙዎቻችን ደስታን ከአንድ ነገር በኋላ እንጠብቃታለን፤ ከምረቃ በኋላ፣ ከኒካሕ በኋላ፣ ቤት ከሠራን በኋላ። ሁሉን አግኝቶ ቀልቡ ባዶ የሆነበትንስ ሰው ምን እንለዋለን?

ኢማም አቡ ሓሚድ አል-ገዛሊ እ.ኤ.አ. በ1091 በባግዳድ የኒዛሚያ መድረሳ መምህር ሆነው ሲሾሙ ዕድሜያቸው ገና 33 ዓመት ገደማ ነበር። ዝናም ሀብትም የባለሥልጣናት አክብሮትም አልጎደለባቸውም። በ1095 ግን የሚያስተምሩት ለአላህ ብለው ነው ወይስ ለስማቸው ሲሉ ኒያቸውን መረመሩ። መልሱ አስደነገጣቸው። ስድስት ወር ያህል ልሂድ ልቅር ሲሉ ከረሙ፤ ጠዋት የቆረጡትን ማታ ይተዉታል። በመጨረሻ ምላሳቸው ተሳሰረ፤ ለተማሪዎቻቸው አንዲት ቃል መናገር አቃታቸው፤ ምግብም አልወርድ አላቸው። ሐኪሞቹ ሕመሙ ከቀልብ ነው ብለው ተስፋ ቆረጡ። ይህን የነገሩን ራሳቸው ናቸው፤ «አል-ሙንቂዝ ሚነ-ደላል» በተባለው ኪታባቸው።

ንብረታቸውን አከፋፍለው ወደ ሻም ሄዱ። ለልጆቻቸው የሚበቃውን ግን አስቀርተዋል፤ ቤተሰብ ሜዳ ላይ ጥሎ ዙህድ የለምና ይህን ልብ እንበል። በደማስቆ ወደ ሁለት ዓመት በዒባዳ ቆዩ፤ ቁድስን ዘየሩ፤ ሐጅም አደረጉ።

ታዲያ ሱቃችንን ዘግተን እንሰደድ ማለታችን አይደለም። እርሳቸውም በ1106 በነይሳቡር ወደ ማስተማር ተመልሰዋል። ሥራው ያው ነው፤ የተለወጠው ኒያው ነበር። ታክሲ የሚነዳው ወንድማችንና እንጀራ ጋግራ የምትሸጠው እህታችንም ነገ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ወደዚያው ሥራቸው ይሄዳሉ። ከመጀመራቸው በፊት ለማን ብለው እንደሚሠሩት ለአፍታ ቀልባቸውን ይጠይቁ።