ፍርድ ከራስ

(በሚኒሶታ፥ በክሪስታል ከተማ ለተሰበሰቡ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ አንድ ልብ ወለድ መጽሐፍ ነው። ሐርፐር ሊ በ1960 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ያሳተመችውን «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ» በዚህ አገር ትምህርት ቤት የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ታሪኩ በ1930ዎቹ በአላባማ የሆነ ነው። ቶም ሮቢንሰን የተባለ ጥቁር ሠራተኛ ነጭ ሴት ደፍረሃል ተብሎ ይከሰሳል። የስካውት አባት ጠበቃው አቲከስ ፊንች ይሟገትለታል። የተከሳሹ ግራ እጅ የማይሠራ መሆኑ በችሎት ይታያል፤ ክሱም ሐሰት መሆኑ ይገለጣል። ሆኖም ነጮቹ ፈራጆች ጥፋተኛ ነው ይሉታል። በኋላም ከእስር ቤት ሲሸሽ በጥይት ይገደላል።

ስካውት ከዚህ ነገር የምትማረው ምንድን ነው? ቶምን የፈረዱበት ከሌላ አገር የመጡ አረመኔዎች እንዳልሆኑ ነው። የሰፈሩ ገበሬዎች፥ የቤተ ክርስቲያኑ ምእመናን፥ በየቀኑ ሰላም የምትላቸው ሰዎች ናቸው። ሕፃኗ ያደገችው ይህን ባወቀች ዕለት ነው።

እኛ በሰሜን ስለምንኖር ይህ የደቡብ ሰዎች ነውር ነው ብለን አንታለል። ከክሪስታል ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል በመኪና የምትርቀው ዱሉዝ በሰኔ 1920 ይህንኑ አይታለች። ኢላያስ ክሌይተን፥ ኤልመር ጃክሰንና አይዛክ መጊ የተባሉ የሰርከስ ሠራተኞች ነጭ ልጃገረድ ደፈራችሁ ተብለው ታሰሩ። የመረመራት ሐኪም የመደፈር ምልክት አላገኘባትም። ነገር ግን በሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ እስር ቤቱን ሰብሮ ሦስቱንም ሰቀላቸው። በግድያ የተፈረደበት ሰው አንድም የለም። ማክስ ሜሰን የተባለ ሌላ ጥቁር ሠራተኛ ግን በዚያው ክስ ተፈርዶበት ታሰረ። ሚኒሶታ ምሕረት ያደረገችለት በ2020 ነው፤ እርሱ ከሞተ በኋላ!

ይህችው ዱሉዝ በ2018 መጽሐፉን ተማሪ ሁሉ ግድ ከሚያነባቸው ዝርዝር አወጣችው፤ በቤተ መጻሕፍት ግን እንዲቈይ አደረገች። ምክንያቱ በውስጡ ያሉት ስድቦች ጥቁር ተማሪዎችን ያሳፍራሉ የሚል ነበር። ይህ ምክንያት የሚናቅ አይደለም። በክፍሉ ብቻውን ጥቁር የሆነ ልጅ ያ ስድብ ጮክ ተብሎ ሲነበብ የሁሉ ዓይን እርሱ ላይ ያርፋል፤ ከዚህ ልጅ መካከል የእኛም ልጆች አሉ። መጽሐፉም ጉድለት አለበት፤ ደጉን ነጭ ጠበቃ እናደንቃለን፥ ቶም ግን የሚናገረው ሲጠየቅ ብቻ ነው። ቢሆንም መድኃኒቱ መጽሐፉን ማራቅ አይመስለንም። ከአጠገቡ የዱሉዝን ታሪክና ጥቁሮች ራሳቸው የጻፉትን ማስቀመጥ ነው።

ወገኖቻችን ሆይ፤ ከሁሉ የሚከብደውን አሁን እንናገር። እኛ እዚህ አገር በቶም ወንበር አጠገብ ተቀምጠናል፤ በአገራችን ግን ስንቶቻችን ከፈራጆቹ ጋር ተቀምጠን ኖረናል? ባርነት በአዋጅ በወንጀል የተከለከለው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። አዋጁ ሰንሰለቱን ፈታ፤ ስድቡን ግን ከአፋችን አላወጣም። በሸክላ ሠሪዋ ጀበና ቡና እየጠጣን፥ ቀጥቃጩ በሠራው ማረሻ እያረስን፥ እነርሱን «ቡዳ» ብለን ከጋብቻ አራቅናቸው። አጥንት እየቈጠርን ልጅ ዳርን። ይህን ያደረጉት ክፉ ሰዎች ብቻ አይደሉም፤ እኛን በፍቅር ያሳደጉን ደጋግ ወላጆቻችንም ጭምር ናቸው። ስለ ዘር አድልዎ በባዕድ አደባባይ ጮኸን፥ ማታ በስልክ «ለመሆኑ ዘሯ ምንድን ነው?» ብለን የምንጠይቅ ከሆነ ጩኸታችን ከንቱ ነው።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። መጽሐፉን ከልጆቻችን ጋር እናንብብ፤ የዱሉዝንም ታሪክ እንንገራቸው። ከዚያም ልጁ «በእናንተስ አገር እንዴት ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ አናድበስብስ። በዚህ መጽሔትም ስለ ተናቁት ወገኖቻችን እኛ ብቻ ከመጻፍ ይልቅ እነርሱ ራሳቸው የሚጽፉበትን ገጽ እንክፈት።

አባቶቻችን «ፍርድ ከራስ» ይላሉ። እኛም ከራሳችን እንጀምር።