ቁጥር ፈላጊው ፕሮሴሰር በምን ይመዘን?

(በነቀምት፣ ጨለለቂ፣ ለተማሪዎች ማኅበር አባላት የተደረገ ንግግር)



ብቸኛ ቁጥሮችን ለሚፈልግ ፕሮግራም የትኛው ፕሮሴሰር ይሻላል? ጥያቄው የሒሳብ ተማሪዎችን ብቻ የሚመለከት እንዳይመስላችሁ። የተማሪ ገንዘብ ትንሽ ነው፤ የሻጭ ወሬ ግን ብዙ ነው። ስለዚህ ዕቃን በሥራው መመዘን ለሁላችንም ተገቢ ነው።

ብቸኛ ቁጥር ከ1ና ከራሱ በቀር ሌላ ቁጥር እኩል የማያካፍለው ነው። ፈላጊዎቹ 2ን ደጋግመው ካባዙ በኋላ 1 ቀንሰው ይመረምራሉ። አምስት 2ዎች ሲባዙ 32፣ 1 ሲቀነስ 31 ይሆናል፤ ይህ ብቸኛ ነው። በአሥራ አንድ 2ዎች ግን 2047 ይመጣል፤ ይህም 23 በ89 ተባዝቶ የሚገኝ ስለ ሆነ ይወድቃል። በኦክቶበር 2024 እ.ኤ.አ. የተገኘው ቁጥር 136,279,841 ጊዜ 2 የተባዛበት ሲሆን፣ 41,024,320 አኃዞች አሉት። ይህን ለመመርመር እጅግ ረጃጅም ቁጥሮችን 136 ሚሊዮን ጊዜ ያህል በራሳቸው ማባዛት ያስፈልጋል።

እንግዲህ ሻጩ «ይህ 16 ኮር አለው፤ ያኛው 8 ብቻ ነው» ቢላችሁ አትቸኩሉ። ሥራው በያንዳንዱ ዙር 60 ሜጋባይት ገደማ መረጃ ያንቀሳቅሳል። የተለመደ ፕሮሴሰር በውስጡ የያዘው ካሽ ከዚህ ያነሰ ስለ ሆነ፣ መረጃው ወደ ራም ሲመላለስ ይውላል። የጎተራው በር ጠባብ ከሆነ ተሸካሚ ቢበዛ እህሉ ቶሎ አይገባም። ስለዚህ ባለ አንድ ራም ኮምፒውተር ላይ ሁለተኛ ራም መጨመር ኮር ከመጨመር ሊበልጥ ይችላል።

ግራፊክስ ካርድስ? የ2024ቱን ቁጥር ያገኘው ሉክ ዱራንት በደብሊን በነበረ ኤንቪዲያ ኤ100 ተጠቅሞ ነው። ይሁን እንጂ ለጨዋታ የሚሸጡት የቅርብ ጊዜ የኤንቪዲያ ካርዶች ሥራው የሚፈልገውን ባለ 64 ቢት ስሌት የሚሠሩት በባለ 32 ቢቱ ፍጥነት 1/64ኛ ብቻ ነው። የካርዱ ዝና እዚህ አይጠቅምም።

ደግሞም ተስፋ አትቁረጡ። በ2016 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሴንትራል ሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ መምህር ከርቲስ ኩፐር 22,338,618 አኃዝ ያለውን ቁጥር ያገኙት ኢንቴል አይ7-4790 በተባለ ተራ ፕሮሴሰር ነው። ኮምፒውተሩ 31 ቀን ያለ ዕረፍት ሠራ።

ከፍጥነት የሚበልጠው ግን ትክክለኛነት ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. ፕሮፌሰር ቶማስ ናይስሊ ብቸኛ ቁጥሮችን ሲያሰሉ የኢንቴል ፔንቲየም ፕሮሴሰር በማካፈል እንደሚሳሳት ደረሱበት። ኩባንያው 475 ሚሊዮን ዶላር ወጪ መዘገበ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች የተገለገሉበትን ዕቃ አንድ መምህር በትዕግሥት መዝነው ጉድለቱን አወጡ!

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ፕራይም95 የተባለው ነጻ ፕሮግራም የራሱ የፍጥነት መመዘኛ አለው። በየኮምፒውተሩ አንድ ዓይነት ፈተና እንስጥ፤ አንዱ ዙር ስንት ሚሊሰከንድ እንደሚፈጅ፣ ስንት ዋት እንደሚበላ እንመዝግብ። የፊንጫ ውኃ በክልላችን ቢፈስም የመብራት ሒሳብ መከፈሉ አይቀርም። መብራት ቢቋረጥም ፕሮግራሙ ሥራውን በየጊዜው ስለሚያስቀምጥ ካቆመበት አቅራቢያ ይቀጥላል። ውጤቱን በዚሁ ጋዜጣችን እናውጣ። ያን ጊዜ የምንገዛው በወሬ ሳይሆን በማስረጃ ይሆናል።