ካምቢዮው ቢሰበር ማን ይከፍላል?
በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከአባላት አንዷ ያደረገችው ንግግር



ባናችንንና ድንቻችንን ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን የሚያደርስ ያገለገለ ፒክአፕ ልንገዛ አስበናል። ባለፈው ስብሰባ አንዲት እናት «ኢንሹራንስ ከገባን ካምቢዮው ቢሰበርም ይከፍሉናል አይደል?» ብለው ነበር። አጣርቼ እንድመጣ ታዝዣለሁ።

አይከፍሉም። እድራችንን አስቡት፤ ለሞት ይደርሳል እንጂ ለእርጅና አይከፍልም።

በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ባለመኪና ሁሉ የሚገባው የሦስተኛ ወገን መድን መኪናችን ሌላ ሰው ወይም የሌላ ሰው ንብረት ሲጎዳ ነው የሚከፍለው። ለራሳችን መኪና አንዲት ብሎን አይገዛም። ሙሉ መድን የሚሉት ደግሞ ለግጭት፣ ለግልበጣ፣ ለእሳትና ለስርቆት ይደርሳል። ከማይሸፈኑት መካከል ግን በአገልግሎት ብዛት ማለቅ፣ የሞተርና የኤሌክትሪክ ብልሽት አሉ። ጣርማበርን ለሚወርድ መኪና ሙሉ መድን ይግባ ባይ ነኝ፤ የጥገና ወጪያችንን ይችልልናል ብለን ግን አንግባ።

አንዳንዶቻችሁ «አዲስ ገዝተን ዋስትና እናግኝ» ብላችኋል። የሻጩ ዋስትና በጊዜና በኪሎ ሜትር የተገደበ ነው፤ ቀድሞ የሞላው ይዘጋዋል። ብዙውን ጊዜም ሰርቪሱ እነሱ በፈቀዱት ጋራዥ ካልተደረገ ይሰረዛል። ለዘይት ቅያሪ አዲስ አበባ ድረስ ስንመላለስ ገበያው ያመልጠናል። ደግሞስ በእኛ ዳገትና ቁልቁለት ቀድመው የሚያልቁት የፍሬን ሸራና ፍሪሲዮን አይደሉም? እነሱ በተፈጥሯቸው የሚያልቁ ናቸው ተብለው ከዋስትናው ውጭ ይሆናሉ።

የቀረው የራሳችን ሣጥን ነው። ከእያንዳንዱ ምልልስ 200 ብር ይቀመጥ። በሳምንት 4 ጊዜ ከተመላለሰ በ50 ሳምንት 40,000 ብር ይሆናል። ችግሩ ብልሽት ሣጥኑ እስኪሞላ አይጠብቅም። በሁለተኛው ወር ሞተሩ ቢነክስ እጃችን ላይ ከ7,000 ብር ያነሰ ገንዘብ እንዳይኖር፣ ከመግዣው ላይ ቀንሰን መነሻ እናስቀምጥ። መኪናው ትንሽ ያረጀ ይሁን፣ ግድ የለም። ከመግዛታችን በፊት ግን ሻጩ ያላመጣው መካኒክ ይፈትሸው።

ሌላው ችግር እኛው ነን። ፋሲካ ሲደርስ «ለበግ መግዣ አበድሩኝ» የምትል አትጠፋም። ስለዚህ ገንዘቡ ለብቻው በባንክ ደብተር፣ በሦስት ሴቶች ፊርማ ይቀመጥ።

ሾፌሩም ዘይት የተቀየረበትን ቀንና ኪሎ ሜትር በደብተር ይጻፍ፤ መጻፉን ጸሐፊዋ በየወሩ ታይ። ይህ ለመድኑም ይጠቅመናል፤ ውሉ መኪናውን በደህና ሁኔታ እንድንይዝ ያስገድደናልና አደጋ ሲደርስ መጠየቃችን አይቀርም።

የመነሻው ገንዘብ ስንት ይሁን የሚለውን ለእናንተ ትቻለሁ። እኔ 30,000 ብር እላለሁ።