የትረስና የፍሬም ቃላት በእንግሊዝኛና በጀርመንኛ
(በናይሮቢ ለአናጢዎችና ለበያጆች ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)



ከመካከላችሁ ብዙዎቹ በአገር ቤት አናጢ፣ ግንበኛ ወይም በያጅ ነበራችሁ። እዚህ ግን እጃችሁ የሚያውቀውን ሥራ አፋችሁ በሰው አገር ቋንቋ መጥራት ስላቃተው አሸዋ ተሸካሚ ሆናችሁ ቀርታችኋል። እኔም እንደዚሁ ነበርኩ። ናይሮቢ በመጣሁ ሰሞን ፎርማኑ «ቦተም ኮርድ አምጣ» አለኝ። ኮርድ ገመድ ነው ብዬ ገመድ ይዤ ሄድኩ። ሳቁብኝ፤ በማግሥቱም ወደ አሸዋው መለሱኝ።

ሰውዬው የፈለገው የትረሱን የታች አግዳሚ ነበር። በእንግሊዝኛ ገመዱም አግዳሚውም ሲነገሩ አንድ ናቸው፤ የሚለዩት በጽሑፍ ብቻ ነው። ጀርመኖች ይህንኑ ኡንተርጉርት፣ የላይኛውን ደግሞ ኦበርጉርት ይሉታል። ጉርት ማለት ቀበቶ ነው። እኔ ግን በእናቶቻችን መቀነት ነው የማስታውሰው። ቆርቆሮው ሲጫናቸው ሁለቱ ወራጆች እግራቸውን ወደ ውጭ ሊከፍቱ ይፈልጋሉ፤ የታችኛው አግዳሚ ሰብስቦ ይይዛቸዋል። ለቧንቧ ማሳለፊያ ብሎ እርሱን የቆረጠ ሰው መቀነቱን ፈታ ማለት ነው፤ ወራጆቹ ግድግዳውን ይገፉታል፣ ጣራውም ሰው ላይ ሊወርድ ይችላል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሁለት ቃላት ያዙ። ተወጥሮ የሚስበው እንጨት ወይም ብረት በእንግሊዝኛ ታይ፣ በጀርመንኛ ጹግሽታብ ይባላል። ተጭኖ የሚገፋው ስትራት፣ በጀርመንኛ ድሩክሽታብ ነው። ታዩን በቀጭን ብረት መሥራት ይቻላል፤ ስትራቱ ግን ቀጭንና ረጅም ከሆነ ይጎብጣል። ስሙን ያምታታ ብረቱንም ያምታታል።

ትረስንና ፍሬምን አንድ የሚያደርጉም አሉ። ሦስት እንጨት በሦስት ምስማር አያይዛችሁ ብትገፉት ቅርጹን አይለቅም። አራት እንጨት በአራት ምስማር አያይዛችሁ ግፉት፤ ወዲያው ይዘማል። ትረስ በሦስት ማዕዘን ኃይል የሚቆም ነው። ፍሬም፣ ጀርመኖች ራህመን የሚሉት፣ አራት ማዕዘን ሆኖ የሚቆመው መጋጠሚያው እንዳይታጠፍ በደንብ ስለተበየደ፣ በኮንክሪት ሥራም ፌሮው ከምሰሶው ወደ አግዳሚው ታጥፎ ስለገባ ነው።

ትረስ በጀርመንኛ ፋኽቬርክ ነው። ይኸው ቃል ቋሚና አግዳሚ እንጨቱ ቆሞ መሐሉ በጭቃ የሚሞላው የድሮ ቤታቸውም ስም ነው። እንዲህ ያሉ ቤቶች የሞሉባት የክቬድሊንቡርግ አሮጌ ከተማ በ1994 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብታለች። ፎቶግራፉን ያሳየሁት አንድ ወንድማችን «ይኼማ ጭቃ ቤት ነው!» አለኝ። አልተሳሳተም።

ቃል መዋስ ለእኛ አዲስ አይደለም። ፌሮ፣ ላሜራ፣ ሶሌታ፣ ሞራሌ ከጣሊያን ግንበኞች የቀሩልን ናቸው፤ አባቶቻችን ከሥራው ጋር ለመዱአቸው።

በሚቀጥለው ጊዜ ስለ መጋጠሚያ፣ ማለትም ስለ ጆይንትና ክኖተን እንነጋገራለን። ሜትርና እርሳስ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።